አንድ የታሪክ መምህርና ተማሪዎቻቸው
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ በዚህ አዳራሽ የምናየው ሰው ካለፈው ጊዜ የበዛ ስለ ሆነ ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ባለፈው ጊዜ ለአርባ ሰው ወንበር ደርድረን የመጡት አሥራ አንድ ነበሩ፤ ከአሥራ አንዱም ሦስቱ እኛው የኮሚቴው አባሎች ስንሆን አንዱ መብራት ሊያጠፉ የመጡት ዘበኛ ነበሩ። ሊናገሩልን ቃል የገቡት መምህርም በመጨረሻው ሰዓት «አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሞኛል» ብለው ቀሩ። ጉዳዩ ምን እንደ ሆነ አልጠየቅናቸውም። እኛም እንገምታለን፤ እናንተም ሳትገምቱ አትቀሩም።

ከዚያ ወዲህ በኮሚቴያችን ውስጥ ክርክር ተነሥቷል። እኩሌቶቻችን «ሰው የማይመጣበትን የውይይት ሰዓት ዘግተን ጊዜውን ለንባብ እናውለው» ስንል፣ እኩሌቶቻችን ደግሞ «አንድ ጊዜ ከተዘጋ ተመልሶ የሚከፍተው የለም» እንላለን። ነገሩ በኮሚቴ ብቻ የሚቆረጥ ስላልሆነ ከዚህ ንግግር በኋላ እጃችሁን አውጥታችሁ እናንተው ትወስናላችሁ። ከመወሰናችሁ በፊት ግን በአንድ ሩቅ አገር፣ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ የሆነውን እንድትሰሙልን እንለምናለን። ዘመኑን በውጭው አቆጣጠር እንናገራለን፤ ታሪኩ የአሜሪካ ነውና።

የታሪኩ ባለቤት ፕሮፌሰር ሃዋርድ ዚን ይባላሉ። የተወለዱት በ1922 በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ሲሆን ወላጆቻቸው ከውጭ አገር የመጡ ድሆች አይሁድ ሠራተኞች ነበሩ። ዕድሜያቸው አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆን በመርከብ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፋፋም ደግሞ በአየር ኃይል ገብተው የቦምብ ጣይነት ሥራ ያዙ። በ1945 በአፕሪል ወር፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሩዋያን በምትባለው የፈረንሳይ የባሕር ዳር ከተማ ላይ ናፓልም የተባለውን የሚያቃጥል ቦምብ ከጣሉት መካከል እሳቸው አንዱ ነበሩ። ከላይ ሆኖ የሚጥል ሰው ከታች ያለውን አያይም። ከብዙ ዓመት በኋላ የታሪክ ምሁር ሆነው ወደዚያችው ከተማ ሄዱና ነገሩን ከመዝገብም ከነዋሪዎቹም አፍ መረመሩ፤ ያም ድብደባ ለድሉ አንዳች ያልጨመረ መሆኑን ጻፉ። ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ እኒህ ሰው ታሪክን እንደ ሩቅ ነገር ያላዩበትን ምክንያት ለማወቅ ከዚህ መነሣት ይገባል ብለን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ለወታደሮች በሰጠው የትምህርት ዕድል ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተማሩ። በ1956 ዓ.ም. በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በአትላንታ ከተማ የሚገኘው ስፔልማን ኮሌጅ የታሪክና የማኅበራዊ ጥናት ክፍል ኃላፊ አድርጎ ቀጠራቸው። ስፔልማን በ1881 የተመሠረተ የጥቁር ሴቶች ኮሌጅ ነው። በዚያን ጊዜ የደቡቡ ክፍል ሕግ ነጭና ጥቁርን በትምህርት ቤት፣ በአውቶቡስ፣ በምግብ ቤት፣ በሆስፒታል፣ በመጠጥ ውሃ ቧንቧ ሳይቀር ይለያይ ነበር። እሳቸውና ባለቤታቸው ሮዝሊን ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ወደ ግቢው ገቡ። ነጭ መምህር በጥቁሮች ኮሌጅ ማስተማሩ አዲስ ነገር አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

ስፔልማን በዚያን ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ለማስረዳት እንሞክር። ተማሪዎቹ «የስፔልማን ልጅ» በአረማመዷ፣ በአነጋገሯና ሻይ በምትቀዳበት ጨዋነት ትታወቃለች እየተባለ ይነገራቸው ነበር። ከግቢ ሲወጡ መፈረም፣ ሲመለሱም መፈረም ነበረባቸው። የመግቢያ ሰዓት ነበር፤ የግዴታ ጸሎት ነበር። ለዚህ ወላጆችም ሆኑ አስተዳዳሪዎች የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ በዚያ አገር አንዲት ጥቁር ልጅ ከግቢው አጥር ወዲያ ምን ሊደርስባት እንደሚችል ያውቁ ነበርና ምክንያታቸው ከፍርሃት ብቻ የመነጨ አይደለም። ሆኖም አጥር የሚጠብቀውን ሰው ያሳንሳል። እኛም በቤታችን «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ያደግን ስለ ሆንን ይህ የስፔልማን ጨዋነት አይጠፋንም።

ፕሮፌሰር ዚን የማኅበራዊ ጥናት ክበብ የሚባል የተማሪዎች ማኅበር ነበርና አማካሪው ሆኑ። በ1957 መጀመሪያ ላይ ከክበቡ ሠላሳ የሚሆኑ ተማሪዎችን ይዘው የጆርጂያ ሕግ አውጭ ምክር ቤት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ሄዱ። ለማየት ብቻ ነበር፤ ሌላ ነገር አላሰቡም። ነገር ግን ለጥቁሮች የተከለለው የተመልካች ቦታ እጅግ ጠባብ ነበርና በሰፊውና ባዶ በሆነው በነጮቹ ቦታ ተቀመጡ። ያን ጊዜ የምክር ቤቱ ጉባኤ ተናወጠ፤ አፈ ጉባኤው በድምፅ ማጉያው እየጮኸ ወደ ቦታቸው እንዲሄዱ አዘዘ። ልጆቹ ጥቂት ቆይተው ወደ ጠባቡ ስፍራ አለፉ። ያን ቀን ምንም የተለወጠ ሕግ የለም። ነገር ግን ስለ ሕግ አወጣጥ በክፍል ውስጥ ብዙ ሰዓት ቢማሩ የማያገኙትን በአንድ ከሰዓት በኋላ አገኙት፤ ሕጉን የሚያወጡት ሰዎች ሠላሳ ሴት ልጆች ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንዴት እንደሚሸበሩ አዩ።

ከዚህ የሚቀጥለው የቤተ መጻሕፍቱ ነገር ነው፤ እኛ ከሁሉ አስበልጠን የምንወደውም እርሱን ነው። የአትላንታ ዋና የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለጥቁሮች ዝግ ነበር። ጥቁሮቹ ግብር ይከፍላሉ፤ መጽሐፍ ሲፈልጉ ግን በየሰፈራቸው ወዳሉት ትንንሽ ቅርንጫፎች እንዲሄዱ ይነገራቸዋል። በ1959 መጀመሪያ ክበቡ ይህን ጉዳይ ሥራው አድርጎ ያዘው። መፈክር የጻፈ የለም፤ ድንጋይ ያነሣም የለም። አንድ ወይም ሁለት ተማሪ እየሆኑ ወደ ዋናው ቤተ መጻሕፍት ይገቡና በትሕትና መጽሐፍ ይጠይቃሉ። መጽሐፎቹም ተመርጠው ነበር፤ የጆን ስቱዋርት ሚል ስለ ነፃነት የጻፈው፣ የጆን ሎክ ስለ ሰው ማስተዋል የጻፈው፣ የቶም ፔይን አስተዋይ ልብ ያለውን ሁሉ ለነፃነት የጠራበት ትንሽ መጽሐፍ። የነፃነት መጽሐፍ በቆዳ ቀለም ምክንያት ሲከለከል ከልካዩ ራሱ ማፈሩ አይቀርም። ጸሐፊዋ «ወደ ጥቁሮች ቅርንጫፍ እንልክልሻለን» ትላለች፤ ተማሪዋ አመስግና ትወጣለች፤ በሳምንቱ ሌላዋ ትመጣለች።

ይህ ሲሆን ፕሮፌሰሩና በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ዲን የነበሩት ዊትኒ ያንግ ደግሞ በሌላ በኩል ለክስ ይዘጋጁ ነበር። ከሳሽ ለመሆን የተስማሙት የስፔልማን የፈረንሳይኛ አስተማሪ ዶክተር አይሪን ዶብስ ጃክሰን ናቸው፤ ኋላ የአትላንታ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ የሆኑት የሜይናርድ ጃክሰን እናት ማለት ነው። ክሱ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የቤተ መጻሕፍቱ ቦርድ በ1959 በሜይ ወር ደንቡን በጸጥታ ለወጠ። ዶክተር ጃክሰን ወደ መደርደሪያው ሄደው የአባልነት ካርድ ጠየቁ፤ ጸሐፊዋም እንደ ሁልጊዜው ሥራዋ አድርጋ ስማቸውን ጻፈችላቸው። አለቀ። ስንት ዓመት የቆየ ግንብ በአንድ ካርድ ፈረሰ።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዱ «ይህ ሁሉ ስለ አንድ ካርድ ነውን?» ሊል ይችላል። እኛም ብለን ነበር። ነገር ግን ልብ አድርጉ፤ እነዚያ ልጆች አደባባይ ከመውጣታቸው በፊት በአንድ ጠባብ ክፍል ቁጭ ብለው ጉዳዩን መርጠዋል፤ ማን ይግባ፣ ምን ይጠይቅ፣ ቢሰድቧት ምን ትመልስ እያሉ ተመካክረዋል። የውይይት ሰዓት ማለት እንግዲህ ይህ ነው። እኛ ያለፉትን ስድስት ወራት ስለ ዓለም ሰላም፣ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ወጣት ግዴታ ተናግረናል፤ የቤተ መጻሕፍታችን በር በእሑድ ስለ ምን እንደሚዘጋ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተነጋገርንም። ጥፋቱ የመጡት ማነስ ብቻ አይደለም። የእኛ የአዘጋጆቹም ነው።

በ1960 በፌብሩዋሪ 1 ቀን በሰሜን ካሮላይና በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ተማሪዎች ለነጮች ብቻ በሆነ የምሳ ባንኮኒ ተቀምጠው አንነሣም አሉ። ወሬው በደቡቡ ሁሉ እንደ ሰደድ እሳት ሮጠ። በአትላንታ ያሉት የስድስቱ የጥቁር ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም መሰብሰብ ጀመሩ። የኮሌጆቹ ፕሬዚዳንቶች ልጆቹን ለማቆም ቢቸግራቸው «አስቀድማችሁ የምትፈልጉትን በጽሑፍ ግለጹ» ብለው መከሩ። ነገሩን ለማዘግየት አስበው ይሆናል፤ ሆኖም ምክሩ መልካም ምክር ሆኖ ተገኘ። የስፔልማን የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሮዝሊን ፖፕ ጽሑፉን አዘጋጀች። የተጻፈውም በፕሮፌሰር ዚን ቤት፣ በእሳቸው የጽሕፈት መኪና ነው። «የሰብአዊ መብት ይግባኝ» የተባለው ይህ ጽሑፍ በማርች 9 ቀን 1960 በከተማው ጋዜጦች ላይ አንድ ሙሉ ገጽ ይዞ ወጣ።

ጽሑፉን ያነበበ ሰው የሚገርመው ጩኸት የሌለበት መሆኑ ነው። ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ፣ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ ቲያትር ቤትና ምግብ ቤት፣ ስለ ፖሊስ አንድ በአንድ በቁጥር እያስረዳ ይሄዳል። ይህን ለማድረግ መጻሕፍት ማገላበጥ፣ ቁጥር ማሰባሰብ፣ ረቂቁን ደጋግሞ ማረም ያስፈልጋል፤ ሦስት ወይም አራት ሰው ሌሊት ላይ ተቀምጦ «ይህ እውነት ነው ወይ?» መባባል ያስፈልጋል። የክፍለ ግዛቱ ገዥ ጽሑፉ የተማሪ ሥራ ሊሆን አይችልም ብለው ተናገሩ። ተማሪ በደንብ ሲያስብ «ሌላ ሰው ጽፎለት ነው» መባሉ በየአገሩ ያለ ነገር ነው።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ በማርች 15 ቀን፣ ሁለት መቶ ያህል ተማሪዎች በአሥር የምግብ ቤቶች ገብተው ተቀመጡ። ሰባ ሰባት ተያዙ፤ ከእነዚህም አሥራ አራቱ የስፔልማን ልጆች ነበሩ፤ ሻይ በጨዋነት የሚቀዱት ማለት ነው። የፕሮፌሰሩ ድርሻ በዚያ ጠዋት ምን እንደ ነበር ታውቃላችሁን? ልጆቹ በቀጠሯቸው ሰዓት፣ ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን፣ ለጋዜጣ ቢሮዎች ስልክ እንዲደውሉ ጠየቋቸው። ደወሉ። የታሪክ ክፍል ኃላፊ የተማሪዎቹ የስልክ ሠራተኛ ሆኑ ማለት ነው፤ ይህንም እንደ ማዕርግ ቈጠሩት እንጂ አላፈሩበትም። ማሪያን ራይት የምትባል ተማሪም በመኝታ ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአድማ ሰልፍ መቆም የሚችሉ ወይዛዝርት ስማቸውን እንዲያሰፍሩ የሚጋብዝ ወረቀት ለጠፈች። አቀራረቡ የጥንቱ ጨዋነት ነው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ሌላ። ይህች ልጅ ኋላ የሕግ ባለሙያ ሆና በሚሲሲፒ የጠበቃ ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ በ1973 ደግሞ ለሕፃናት መብት የሚከራከር ድርጅት አቋቋመች። የአትላንታ የምሳ ባንኮኒዎችም ከብዙ ሰልፍ፣ ከብዙ እስራትና ከብዙ ድርድር በኋላ በ1961 መጨረሻ አጋማሽ ለሁሉ ተከፈቱ።

ስለ ፕሮፌሰር ዚን ሲነገር «ተማሪዎቹን ያነሣሡ እሳቸው ናቸው» የሚሉ አሉ፤ ይህን የሚሉት ወዳጆቻቸውም ጠላቶቻቸውም ናቸው። እኛ ግን አንስማማም። እሳቸው ራሳቸው ከተማሪዎቹ የተማሩት ለተማሪዎቹ ካስተማሩት እንደሚበልጥ ጽፈዋል። በ1960 በአፕሪል ወር የተመሠረተውና በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ስኒክ» የተባለው የተማሪዎች ማኅበር ከኤላ ቤከር ጋር አማካሪ እንዲሆኑ ሲጠይቃቸው፣ ሥራቸው በአብዛኛው መስማትና መጻፍ ነበር። ወደ አልባኒ፣ ወደ ሰልማ፣ ወደ ሚሲሲፒ እየሄዱ ያዩትን ይመዘግቡ ነበር። ዋጋ በመክፈልም ቢሆን ሚዛኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ነጭ መምህር ቢያዝ በማግሥቱ ይፈታል፤ ልጆቹ ግን ቤተሰባቸው ከሥራ ሊባረር፣ ቤታቸው ሊቃጠል ይችላል። መምህር ለተማሪ ትልቁን ነገር የሚያደርገው ከፊት በመሮጥ ሳይሆን ቤቱን፣ የጽሕፈት መኪናውን፣ ስሙን በማበደር ይመስለናል።

ነገሩ በከተማው ሲሳካ ወደ ግቢው ተመለሰ። በውጭ ለሰው ልጅ መብት የታሰረች ልጅ፣ ማታ ስትመለስ እንደ ሕፃን ፈርማ መግባት ከበዳት። ተማሪዎቹ አቤቱታ ጻፉ፤ በጋዜጣቸውም ላይ ደንቡ እንዲሻሻል ጠየቁ። በ1963 የማኅበራዊ ጥናት ክበብ «ነፃነት በስፔልማን» በሚል ርእስ ስብሰባ ጠራ፤ አዳራሹ ሞላ፤ ልጆቹም ለዓመታት በሆዳቸው የያዙትን ተናገሩ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት አልበርት ማንሊ በስፔልማን ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ነበሩ። ኮሌጁን ከጠላት ለመጠበቅ ብዙ የደከሙ ሰው ናቸውና እሳቸውን እንደ ክፉ ሰው መሣል ልክ አይመስለንም፤ የከተማውን ነጮች መቃወምን ችለው ነበር፤ በራሳቸው ግቢ የሚነሣውን ጥያቄ ግን አልቻሉም። በጁን ወር፣ ተማሪዎቹ ለዕረፍት ከተበተኑ በኋላ፣ የሥራ ዋስትና ያላቸው ፕሮፌሰር የነበሩት ዚን የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። የአንድ ዓመት ደመወዝ ተሰጣቸውና ከግቢው እንዲወጡ ተነገራቸው። ምክንያቱ አለመታዘዝ ተባለ። እሳቸውም በኋላ ሲጽፉ ክሱ እውነት መሆኑን አልካዱም።

የደብዳቤውን ጊዜ ተመልከቱልን። ደንብን የሚያምን ሰው ተማሪ ባለበት ያሰናብት ነበር። አሊስ ዎከር የምትባል ተማሪያቸው መባረራቸውን ተቃውማ ጻፈች፤ ብዙም ሳትቆይ ስፔልማንን ለቅቃ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሄደች። በ1983 በልብ ወለድ ድርሰቷ የፑሊትዘር ሽልማት የተቀበለችው እርሷ ናት። ስፔልማንም በ2005 የቀድሞ መምህሩን ጠርቶ በምረቃ በዓል ላይ አናገራቸው፤ የክብር ዶክትሬትም ሰጣቸው። አርባ ሁለት ዓመት ፈጀ። ያም ሆኖ መጠራቱ ካለመጠራት ይሻላል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን በአጭሩ እናልፋለን። በ1964 ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ገብተው እስከ 1988 አስተማሩ። በቬትናም ጦርነት ላይ ቀድመው ከተናገሩት አንዱ ነበሩ፤ በ1965 በቦስተን አደባባይ በተደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ መቶ ያህል ሰው ብቻ እንደ መጣ፣ በ1969 በዚያው ቦታ ግን መቶ ሺህ ያህል ሰው እንደ ተሰበሰበ ይናገሩ ነበር። በመጨረሻዪቱ የማስተማር ቀናቸው ትምህርቱን ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ጨርሰው በዩኒቨርሲቲው ለሚቃወሙ ነርሶች ሰልፍ ለመቆም ሄዱ፤ ከአምስት መቶ ተማሪዎች መቶ ያህሉ ተከተሏቸው። አራት መቶው አልተከተሉም፤ አልተገደዱምም። ያረፉት በ2010 ነው።

በዚያው በ1965 በማርች ወር በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ግን ሳናነሣ አናልፍም፤ ለእኛ ጉዳይ ቅርብ ነውና። መምህራኑ በጦርነቱ ምክንያት አንድ ቀን ትምህርት ሊያቆሙ አሰቡ። ገዥውና ምክር ቤቱ ተቈጡ። ከዚያ ማርሻል ሳሊንስ የተባሉ የአንትሮፖሎጂ መምህር «ማስተማር ከምናቆም ሌሊቱን ሙሉ እናስተምር» የሚል ሐሳብ አመጡ። በማርች 24 ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ንጋት ሁለት ሰዓት ሦስት ሺህ ያህል ሰው ሲሰማና ሲከራከር አደረ፤ ለሴት ተማሪዎችም የመግቢያው ሰዓት ለዚያች ሌሊት ተነሣላቸው። በመካከሉ ቦምብ አለ የሚል ወሬ መጥቶ ሕንጻውን ለቅቀው በብርድ ወጡ፤ ተመልሰውም ቀጠሉ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንኑ ተከተሉ።

ፕሮፌሰሩን ስናመሰግን እንከን የሌለባቸው አናድርጋቸው። በ1980 ያወጡት የአሜሪካ ሕዝብ ታሪክ እጅግ ብዙ አንባቢ ያገኘ ቢሆንም እንደ ኦስካር ሃንድሊን ያሉ የታሪክ ምሁራን ነቅፈውታል፤ ወደ አንድ ወገን ያደላል፣ ውስብስቡን ነገር ያቀልላል ብለው። ከእኛም መካከል ያነበብነው አንድ ሐሳብ የለንም። ይሁን እንጂ ይህ ራሱ የውይይት ርእስ ነው፤ የታሪክ ክፍል መምህሮቻችን አንድ ምሽት መጥተው ሁለቱንም ወገን ቢያስረዱን ምንኛ ደስ ባለን።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር እንድንል ይፈቀድልን። በእኛ አገር የካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወደ ፓርላማ ሲሄዱ፣ በአላባማ ሰልማ ከተማ የጥቁሮች ሰልፍ ሊነሣ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ያ ትውልድ ድፍረት አልጎደለውም። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ባደገበት አገር ንጉሥን ከሰሰ። የጎደለው ሌላ ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ መኝታ ቤት ያደሩ፣ አንድ መጽሐፍ በየተራ ያነበቡ ጓደኛሞች በቃላት ተለያይተው መደማመጥ አቆሙ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተማችን መንገዶች ላይ የወደቁትን ወላጆቻችን ዛሬም በስም ያስታውሳሉ። ብዙ ወላጅ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲልክ «በምንም ነገር አትግባ» ብሎ የሚመክረው ስለዚህ ነው። እኛም ይህንኑ ምክር ተቀብለን መጥተናል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ስለዚህም መልሱ ንቀት ሊሆን አይገባም። ግን «አትግባ» የተባለ ሁሉ ሰብስቦ ዝም ሲል፣ ዝም ያሉትን ትተው የሚናገሩት ጥቂቶች ብቻ ይሆናሉ፤ እነርሱም የሚመልስላቸው ስለሌለ ድምፃቸውን ከፍ እያደረጉ ይሄዳሉ። ያኛው ትውልድ የተቸገረበት አንዱ ነገር ይህ ይመስለናል።

ስለዚህ ከድምፅ መስጠቱ በፊት ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ እነሆ። የውይይቱ ሰዓት አይዘጋ፤ ነገር ግን እንደ እስካሁኑ አይቀጥል። ለዓለም ሁሉ መናገሩን ለጊዜው ትተን በዚህ ግቢና በዙሪያው ያለ አንድ ጉዳይ እንምረጥ። እኛ ያሰብናቸው ሁለት ናቸው፤ አንዱ በእሑድ የሚዘጋው ቤተ መጻሕፍት፣ ሁለተኛው ከግቢው በር ውጭ ባለው ሰፈር የሚኖሩ ልጆችን ማታ ማታ ማስጠናት። ሌላ የተሻለ ያለው ይናገር። የተመረጠውን ጉዳይ የሚደግፉም የሚቃወሙም እኩል ጊዜ ይሰጣቸው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊም ተጋብዘው ምክንያታቸውን ያስረዱን፤ የበጀት ወይም የሠራተኛ ችግር ሊኖርባቸው ይችላልና ሳንሰማ አንፍረድ። ከዚያ በኋላ የምንጠይቀውን በአንድ ገጽ እንጻፍ፤ ቁጥሩም በሦስት ሰው ይመርመር።

መምህሮቻችንን የምንለምነው ትንሽ ነገር ነው። ከፊታችን እንድትሰለፉ አንጠይቅም፤ ስማችሁንም በወረቀታችን ግርጌ አንጽፍም። በወር አንድ ምሽት መጥታችሁ ከኋላ ወንበር ብትቀመጡ፣ ስንሳሳትም «ይህን ከየት አመጣችሁት?» ብትሉን ይበቃናል። ባለፈው ጊዜ የቀሩትም መምህር ዛሬ በዚህ አዳራሽ እንዳሉ አይተናል። እንኳን ደኅና መጡ፤ የተዘጋጁበት ንግግር ካልጠፋ በሚመጣው ወር ብንሰማው ደስ ይለናል።

አሁን ወረቀቱ ከበሩ በኩል እየዞረ ይመጣል። ስማችሁን መጻፍ የማትፈልጉ አትጻፉ፤ እጅ ማውጣቱ ብቻ ይበቃል። «ሰዓቱ ይቀጥል» የምትሉ አስቀድማችሁ፣ «ይዘጋ» የምትሉ ቀጥላችሁ። ቆጣሪዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ አንዱ ይቀጥል ባይ፣ አንዱ ይዘጋ ባይ። እጃችሁን እስኪቆጠር ድረስ አታውርዱ።